ውኃ የገባበት ጉድጓድ፤ በሶማሌ ክልል በሀርሺን ለሕዝብ የተሰጠ ትምህርታዊ ንግግር



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምናገረው ነገር ከዚህ አገር እጅግ በራቀ ስፍራ፣ በሰሜን ዋልታ ዙሪያ ስላሉት ሐይቆችና ከእነዚያ ሐይቆች በታች ስለሚቀልጠው በረዷማ ምድር ስለ ሆነ፣ ከመካከላችሁ አንዱ አረጋዊ «ግመሌ ውኃ ተጠምታ ሳለች የሳይቤሪያ በረዶ ለእኔ ምኔ ነው?» ብሎ በልቡ ቢያስብ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ስለዚህ ንግግሬን የምጀምረው ከእናንተው ደጃፍ፣ ከእህል ጉድጓድ ነው።

ከጅግጅጋ ሜዳ አንሥቶ እስከ ሐረርጌ ደጋ ድረስ የሚኖረው አራሽ ማሽላውን አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ በሆነ ጉድጓድ ውስጥ አኑሮ፣ አፉን በአፈር ደፍኖ እንደሚያቆየው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መሬቱ ደረቅ፣ ክዳኑም የጠበቀ እስከ ሆነ ድረስ እህሉ ከመከር እስከ መከር፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ አልፎ ይቆያል፤ ዝናብ ሰርጎ የነካው ዕለት ግን ተኝቶ የነበረው እህል መሞቅና መተንፈስ ይጀምራል፣ ይሻግታል፣ ይቦካል፣ ጉድጓዱም ዓይን በማያየው፣ ነገር ግን ሰው በሚገድል አየር ይሞላል። አስተዋይ አባወራ የጉድጓዱን አፍ ከከፈተ በኋላ አየሩ እስኪለወጥ ሳይታገሥ ልጁን ወደ ውስጥ የማያወርደው ስለዚህ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው የዛሬውን ትምህርት እኩሌታ ዐውቆታል፤ በሰሜኑ የምድር ዳርቻ፣ ከጽሕፈት ዘመን እጅግ አስቀድሞ የተደፈነ፣ ክዳኑ ብርድ የሆነ፣ ስፋቱም የብዙ መንግሥታትን ግዛት የሚያህል ጉድጓድ አለና፣ በእርሱም ላይ ዛሬ ውኃ ገብቶበታል።

ያ ምድር በሊቃውንት ዘንድ የታወቀበት ታሪክ ለሀርሺን ሰው ልብ የሚቀርብ ነው። በ1828 (ዘመናቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራቸዋለሁ) ያኩትስክ በምትባለው የሳይቤሪያ ከተማ የሚኖር ፊዮዶር ሼርጊን የተባለ የንግድ ኩባንያ ሠራተኛ በግቢው ውስጥ የውኃ ጉድጓድ ማስቆፈር ጀመረ። ቆፋሪዎቹ ጥቂት እንደ ወረዱ አፈሩ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ፣ ከበረዶም ጋር ተጋግሮ አገኙት፤ ይህን ብናልፍ ከሥሩ ውኃ ይገኛል በማለት ዓመት በዓመት ላይ ቢጨምሩም ቁፋሮው በ1837 ሲቆም 116 ሜትር ያህል ወርደው አንዲት ጽዋ ውኃ አላገኙም ነበር። በ1844 አሌክሳንደር ሚድንዶርፍ የተባለ ሊቅ ወደዚያው ጉድጓድ የሙቀት መለኪያ አውርዶ ቢመረምር፣ ምድሩ እስከ መጨረሻው ጥልቀት ድረስ ውኃ ከሚረጋበት መዓርግ በታች እንደ ሆነ አረጋገጠ።

በዚህ በእናንተ በሐውድ ሜዳ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ውኃ ያጣ ሰው የሼርጊንን ድካም ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። በዚህ ውኃው ከምድር ገጽ እጅግ ርቆ ስለ ተቀመጠ፣ በዚያ ደግሞ ውኃው በእጅ እስኪዳሰስ ቀርቦ ሳለ ድንጋይ ሆኖ ስለ ታሰረ፣ ሁለቱም አገሮች በምድር ሆድ ላይ ተስፋ የሚያደርጉ አልሆኑም። እናንተ ባለፈው መቶ ዓመት አጋማሽ ገደማ ጀምራችሁ መሬቱን ቆፍራችሁ፣ በድንጋይና በሲሚንቶ ገንብታችሁ የዝናቡን ጎርፍ የምታጠራቅሙበትን ቢርካ አበጃችሁ፤ ቢርካውም የሚጠቅመው ግድግዳው እስካልተሰነጠቀ፣ ላዩም ከፀሐይ እስከ ተጋረደ ድረስ ብቻ እንደ ሆነ ከማንም ይልቅ ታውቃላችሁ። አንድ ነገር ተጠራቅሞ መቆየቱ በክዳኑና በግድግዳው የሚወሰን መሆኑን ለእናንተ ማስተማር አያሻኝም።

ሊቃውንቱ ፐርማፍሮስት ብለው የሚጠሩት ይህ ምድር፣ በትርጓሜው፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት ሙሉ በበጋም በክረምትም ሙቀቱ ከዜሮ መዓርግ የማያልፍ ማናቸውም አፈር ወይም ዐለት ነው። በሰሜኑ የምድር ንፍቅ ወደ 14 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሆን ስፍራ፣ ይኸውም ከ12 ኢትዮጵያዎች የሚበልጥ ስፋት፣ እንዲህ ባለ ምድር ላይ ያረፈ ነው፤ ጥልቀቱም በአንዳንድ የሳይቤሪያ ወገን አንድ ሺህ ሜትር አልፎ ይወርዳል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለነገራችን የሚጠቅመው የዶማ ተብሎ የሚጠራው ክፍል ነው። በጥንቱ የብርድ ዘመን፣ ማሞዝ የሚባሉት ጠጕራም ዝሆኖች በሣር ሜዳ ላይ በሚሰማሩበት ጊዜ፣ ነፋስ ከየአቅጣጫው ያመጣው ትቢያ በሣሩ ላይ እየተነጠፈ፣ ሣሩም በላዩ እንደ ገና እየበቀለ፣ ከሥር ያለው ሥር ሳይበሰብስ በብርድ እየተያዘ፣ በብዙ አሥር ሺህ ዓመታት ውስጥ በአሥሮች ሜትር የሚቆጠር ውፍረት ያለው ድልድል ተሠራ፤ ከይዘቱም እኩሌታ ወይም ከእኩሌታ የሚበልጠው ንጹሕ በረዶ ነው። በመላው በረዷማ ምድር ውስጥ እንዲህ ተይዞ የቀረው የዕፅዋትና የእንስሳት ቅሪት ካርቦን ከ1,400 እስከ 1,600 ቢሊዮን ቶን ይገመታል፤ ይህም ዛሬ በአየር ውስጥ ከሚገኘው ካርቦን ሁለት እጥፍ ያህል ነው።

አሁን ወደ ሐይቆቹ እንሂድ፤ በዚህ ላይ ጥቂት እንድዘገይ ፍቀዱልኝ፣ የነገሩ ምሥጢር ያለው በዚህ ነውና። አፈሩን አቁሞ የያዘው በረዶው ስለ ሆነ፣ አንድ ስፍራ ላይ በረዶው በቀለጠ ጊዜ መሬቱ ይሰምጣል፤ በሰመጠው ስፍራ የቀለጠው በረዶና ዝናቡ ይጠራቀምና ኩሬ ይሆናል፤ ኩሬውም ዳርቻውን እየናደ፣ በዳርቻው የቆሙትንም ዛፎች እያዘነበለ ሐይቅ ይሆናል። ሐይቁ ከሁለት ሜትር የጠለቀ እንደ ሆነ፣ የዚያ አገር ክረምት ምንም ያህል ቢከብድ በረዶው ከላይ ብቻ ረግቶ ወደ ታች እስከ መጨረሻው ሳይደርስ ይቀራል፤ ምክንያቱም በረዶ ከውኃ ቀሎ በላይ የሚንሳፈፍ በመሆኑ ለታችኛው ውኃ እንደ ጋቢ ስለሚሆንለት ነው። እንግዲህ በዙሪያው ያለው የየብስ መሬት በክረምት እንደ ገና ድንጋይ ሲሆን፣ የሐይቁ ወለል ግን ሌሊትና ቀን፣ በጋና ክረምት ሳይል ከዜሮ በላይ ባለ ውኃ ይታጠባል፤ ከወለሉም በታች ታሊክ የሚባል የቀለጠ አፈር እየሰፋና እየጠለቀ ይሄዳል። በየብስ ላይ ሙቀቱ በሴንቲ ሜትር እየተቈጠረ በብዙ ዓመታት የሚሠራውን ሥራ፣ ሐይቅ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ በሜትር እየተቈጠረ ይሠራዋል። ሐይቁ በበረዷማው ምድር ላይ የተቀመጠ የማይበርድ ምድጃ ነው ብል አላጋነንሁም።

በዚያ በቀለጠው ጭቃ ውስጥ ምን ይሆናል? ረቂቃን ተሕዋስያን ለሺህ ዓመታት ተዘግቶባቸው የነበረውን የሣር ሥርና የእንስሳ ቅሪት ማላም ይጀምራሉ። አየር በሚደርስበት ደረቅ አፈር ውስጥ ቢሆን ኖሮ ከሥራቸው የሚወጣው በይበልጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሆነ ነበር፤ ከሐይቅ በታች ግን አየር ስለማይገባ ብዙው ሜቴን ሆኖ ይወጣል። ሜቴን ለእናንተ እንግዳ አይደለም፤ የከብት እበት በተከደነ ጉድጓድ ውስጥ ተቦክቶ የሚወጣው፣ በአንዳንድ የአገራችን ገጠሮች ለማብሰያ የሚውለው ባዮጋዝ በአብዛኛው ከዚሁ የተሠራ ነው። ጣሊያናዊው ሊቅ አሌሳንድሮ ቮልታ በ1776 በማጆሬ ሐይቅ ዳርቻ ጭቃውን በበትር እየወጋ የሚወጣውን አረፋ በጠርሙስ ሰብስቦ በእሳት በማንደድ ይህን ጋዝ ለሳይንስ አስተዋወቀ። ሙቀት አማቂነቱን ስንመዝነው፣ አንድ ቶን ሜቴን በመቶ ዓመት ሒሳብ ከአንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል፣ በ20 ዓመት ሒሳብ ደግሞ 80 እጥፍ ያህል ምድርን ያሞቃል፤ በአየር ውስጥ የሚቆየው ግን አሥር ዓመት ገደማ ብቻ ነው። ከፋብሪካ ዘመን በፊት ከ1 ቢሊዮን የአየር ቅንጣት ውስጥ 720 ያህሉ ብቻ ሜቴን ሲሆን፣ ዛሬ ቍጥሩ ከ1,900 አልፏል። ለዚህ ጭማሪ ዋነኞቹ ምክንያቶች የነዳጅና የከሰል ማውጫዎች፣ የከብት እርባታ፣ የሩዝ እርሻና የቆሻሻ መጣያዎች መሆናቸውን ደብቄ ባልፍ ሐሰት ይሆንብኛል።

ይህን ነገር ከግምት አውጥታ በመለኪያ ያሳየችው በአላስካ ዩኒቨርሲቲ በፌርባንክስ የምታስተምረው ኬቲ ዋልተር አንቶኒ ናት። እርስዋና ባልደረቦችዋ፣ ከእነርሱም አንዱ በሰሜን ምሥራቅ ሳይቤሪያ በቼርስኪ የምርምር ጣቢያ ያቋቋመው ሩሲያዊው ሰርጌይ ዚሞቭ ነበር፣ ከሐይቅ ወለል የሚወጣው ሜቴን በሰፊው ውኃ ላይ በእኩል የማይሰራጭ፣ በአንዳንድ ስፍራ ብቻ እንደ ምንጭ የሚፈልቅ አረፋ በመሆኑ፣ ቀደም ብሎ በየትም ስፍራ መለኪያ ይጥሉ የነበሩት ሊቃውንት አብዛኛውን ሳያዩት እንዳለፉ ተረዱ። መፍትሔውንም የሰጣቸው ራሱ ክረምቱ ነበር፤ የመጀመሪያው ስስ በረዶ በሐይቁ ላይ በረጋ ጊዜ ከሥር የሚወጣው አረፋ በበረዶው ውስጥ ነጭ ነጭ ክብ ሆኖ ይያዛልና፣ ተመራማሪዎቹ በመስተዋት በመሰለው በረዶ ላይ በእግራቸው እየሄዱ ምንጮቹን አንድ በአንድ ቈጠሩ፣ በላያቸውም ጃንጥላ የመሰለ መሰብሰቢያ ገልብጠው ሰቀሉባቸው። አረፋው በኃይል በሚፈልቅበት ስፍራ ግን በረዶው ጨርሶ መርጋት ስለማይችል በጽኑ ብርድ መካከል የተከፈተ የውኃ ቀዳዳ ይታያል። በረዶውን በስተው ክብሪት ሲጭሩ ነበልባሉ ከሰው ቁመት በላይ የሚወጣበት ምስል በብዙ አገር ታይቷል፤ እኔ ግን ከነበልባሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ያ በበረዶ ላይ ጐንበስ ብሎ አረፋ የመቍጠር ትዕግሥት ነው።

በ2006 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት በወጣው ጥናታቸው እንደ ተገለጸው፣ በመረመሯቸው ሐይቆች ከሚወጣው ሜቴን 95 በመቶው በአረፋ መልክ የሚወጣ ሲሆን፣ የየዶማ ሐይቆች በሙሉ ሲጨመሩ ከሰሜኑ ረግረጋማ ምድር ይወጣል ተብሎ የተገመተው ሜቴን ከ10 እስከ 63 በመቶ ከፍ ይላል። የአረፋውንም ዕድሜ መረመሩ። ዕፅዋት ሕያዋን ሳሉ ከአየር የሚወስዱት ራዲዮካርቦን የተባለ ረቂቅ ነገር ከሞቱ በኋላ በየ5,730 ዓመቱ በእኩሌታ እየጐደለ ስለሚሄድ፣ የቀረውን መጠን በማየት ዘመኑ ይታወቃል፤ በዚህም መለኪያ በኃይል ከሚፈልቁት ምንጮች የወጣው ሜቴን ከ35,000 እስከ 43,000 ዓመት ያስቈጠረ ሆኖ ተገኘ። በዚያ አረፋ ውስጥ የሚነደው ማሞዝ የጋጠው ሣር ነው።

ይህን ዘመን ስሰማ ልቤ ወደ አገራችን ባሌ ይመለሳል። ዛሬ ከሀርሺን ወደ ደቡብ ምዕራብ ርቆ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ በሚገኘው የሳኔቲ አምባ ላይ፣ እስከ 1,000 ሜትር የሚረዝሙ፣ እንደ ተዘረጋ ሰልፍ የተደረደሩ ታላላቅ የድንጋይ መስመሮች አሉ። ምድር በተደጋጋሚ እየረጋና እየቀለጠ ድንጋዩን ከአፈሩ የለየበት ሥራ እንደ ሆኑና በጥንት ዘመን በባሌ ጫፍ ላይም እዚህም እዚያም በረዷማ ምድር ሳይኖር እንዳልቀረ በ2021 የወጣ ጥናት ይናገራል። በባሌ ተራሮች የበረዶ ግግር የሰፋው ከ42,000 ዓመት ገደማ ጀምሮ ነበር፤ በፊንጫ ሐበራ ዋሻም በዚያው ዘመን ሰዎች እሳት አንድደው፣ የባሌን ትልቅ ፍልፈል አድነው እየጠበሱ ይኖሩ እንደ ነበር የተገኘው አመድና አጥንት ይመሰክራል። እንግዲህ የባሌ ሰዎች በበረዶው አጠገብ እሳት ሲሞቁ በሳይቤሪያ ሜዳ ላይ የበቀለው ሣር፣ የእኛው በረዶ ቀልጦ ድንጋይ ብቻ ትቶልን ከሄደ ከብዙ ሺህ ዓመታት በኋላ፣ በእኛ ዘመን ከሐይቅ ወለል እየፈለቀ ይወጣል። እኛም በአንድ ወቅት የበረዶ አገር ነበርን፤ የሳይቤሪያ ነገር የባዕድ ነገር ነው የሚለውን ሐሳብ የማልቀበለው ስለዚህ ነው።

በ2018 ኬቲ ዋልተር አንቶኒና የአሜሪካና የጀርመን ባልደረቦችዋ ሌላ ጥናት አወጡ። እስከዚያ ድረስ የዓለምን የወደፊት ሙቀት የሚያሰሉት ቀመሮች ምድሩ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ የሚቀልጠውን ብቻ ይቈጥሩ ነበር፤ ከሐይቅ በታች የሚሆነውን ድንገተኛ መቅለጥ ሲጨምሩበት ግን በዚህ መቶ ዓመት ውስጥ ከበረዷማው ምድር በሚወጣው ጋዝ ምክንያት የሚደርሰው ሙቀት ከቀድሞው ግምት ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ሐይቆቹ ከዚያ ሰፊ ምድር የሚይዙት ጥቂቱን ነው፤ ነገር ግን የእህል ጉድጓድን የሚያጠፋው ስንጥቁ ምን ያህል መስፋቱ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ።

ሆኖም ስለዚህ ነገር በየአደባባዩ «የጊዜ ቦምብ» እየተባለ የሚነገረው ንግግር ደስ አያሰኘኝም፤ ሰውን አስፈራርቶ ተስፋ ያስቈርጣልና፣ መለኪያውም ስለማይደግፈው። የመንግሥታት የአየር ንብረት ሊቃውንት ጉባኤ በ2021 ባወጣው ሰነድ፣ የምድር ሙቀት በአንድ መዓርግ በጨመረ ቍጥር እስከ 2100 ድረስ ከበረዷማው ምድር በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ ከ3 እስከ 41 ቢሊዮን ቶን ካርቦን ይወጣል ብሎ ገምቷል፤ የሰው ልጅ ግን ከነዳጅና ከከሰል ብቻ በየዓመቱ 10 ቢሊዮን ቶን ያህል ካርቦን ያወጣል። የሐይቆቹ ምርምር ደግሞ ሌላ ነገር ገልጧል፤ በ2014 ኬቲ ዋልተር አንቶኒ ከባልደረቦችዋ ጋር እንዳሳየችው፣ ከጥንቱ የብርድ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የተፈጠሩት እንዲህ ያሉ ሐይቆች መጀመሪያ ጋዝ ሲያወጡ ቆይተው፣ ኋላ በወለላቸው ዕፅ በቅሎባቸው፣ ከ5,000 ዓመት ገደማ ወዲህ ካርቦን የሚያጠራቅሙ ሆነዋል። ተፈጥሮ ያፈሰሰችውን መልሳ የምትሰበስብበት መንገድ አላት፤ የምትሰበስብበት ጊዜ ግን በሺህ ዓመታት የሚቈጠር ነውና በአንድ ሰው ዕድሜ፣ ከዚያም በልጁና በልጅ ልጁ ዕድሜ፣ አይደረስበትም።

የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። መንግሥታት በየጊዜው ለተባበሩት መንግሥታት የሚያቀርቡት ሒሳብ የሰው እጅ ያወጣውን ጋዝ የሚመዘግብ በመሆኑ፣ ከሐይቅ ሥር የሚፈልቀው አረፋ በማንም አገር ስም አይጻፍም፤ አየር ግን ድንበር አያውቅምና ሙቀቱ በሀርሺን ቢርካ ላይ ይጻፋል። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በአፍሪካ ቀንድ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ሲከሽፉ፣ ቢርካው ደርቆ ወለሉ ተሰንጥቆ፣ ውኃ በቦቴ እየመጣ በጀሪካን ሲሸጥ፣ ከብቱ በየመንገዱ ሲወድቅ ያያችሁት እናንተ ናችሁ። በ2023 ያንን ድርቅ የመረመሩ ሊቃውንት በቀንዱ ደቡባዊ ክፍል እንዲህ ያለ የአፈር መድረቅ በሰው ሥራ ምክንያት መቶ እጥፍ ያህል የመድረስ ዕድል እንዳገኘ አስታወቁ፤ ምክንያቱም የዘነበው ማነሱ ብቻ አልነበረም፤ የዘነበውንም ውኃ ከአፈሩና ከተክሉ መጥጦ የሚወስድ ሙቀት ስለ ጨመረ ነው። ቢርካችሁን በቆርቆሮና በእሾህ ቅርንጫፍ የምትከድኑበትን ምክንያት ሊቃውንቱ በቍጥር ገለጡት ማለት ነው። የሰሜን ዋልታ አካባቢ ከ1979 ወዲህ ከዓለም አማካይ አራት እጥፍ ያህል ፈጥኖ ሞቋል፤ ያን ክዳን ያሳሳው ጢስ ከሀርሺን ምድጃ አልወጣም፤ ይህን በግልጽ መናገር የሚገባ ይመስለኛል፣ በየጉባኤውም ስለ ካሣና ስለ እርዳታ ሲነገር የዚህ አገር ልጆች ነገሩን እስከ ሐይቁ ወለል ድረስ ዐውቀው እንዲናገሩ እፈልጋለሁ።

ከተማሪዎቻችሁ መካከል አንዱ ወይም አንዲቱ ይህን ትምህርት የሚከታተል ቢሆን፣ በጥቅምት ወር አንድ ነገር ልብ ይበል። በዚያ ወር እዚህ ሽማግሌዎች ደይር የሚባለውን የዝናብ ወቅት ደመና ለማየት ወደ ሰማይ ያንጋጥጣሉ፣ እናቶችም ወደ ቢርካው የሚወስደውን የጎርፍ ቦይ ከአሸዋ ይጠርጋሉ፤ በሳይቤሪያና በአላስካ ሐይቆች ላይ ደግሞ በዚያው ሰሞን በረዶው ገና ጥቁርና ጥርት ያለ፣ በላዩም በረድ ያልወደቀበት ስለሚሆን፣ ተመራማሪዎቹ ውፍረቱን በበትር እየመቱ እየፈተኑ ወደ መካከል ይገባሉ፣ ተንበርክከውም ከሥር የተያዘውን ነጭ አረፋ መቍጠር ይጀምራሉ።